የላቫጆው ፓምፕ ካርድ

ጡረታ የወጣች ነርስ ስለ መኪና ማጠቢያ ፓምፕ ምን አግብቷት ትጽፋለች የምትሉ አትጠፉም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመርፌ፣ በደም ግፊት መለኪያና በሕሙማን ካርድ እንጂ በቁልፍና በካቻቢቴ አይደለም። ይሁንና ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የእህቴ ልጅ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከቤቴ አጠገብ ላቫጆ ከፈተ። ውሃ የሚቀዱት ከእኔ ግቢ ነው። ማሽኑ የሚያድረው ከእኔ ማድ ቤት ጥግ ነው። ምሳቸውን የሚበሉትም በእኔ በረንዳ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ።

አምስቱም ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ የቆዩ ልጆች ናቸው። ማሽኑን የገዙት በእቁብ ዕጣና ከዘመድ በተለቃቀመ ብድር ነው። አንዱ እናቱን ይጦራል፤ አንዱ በቅርቡ ልጅ ወልዷል፤ አንዱ የማታ ትምህርቱን የሚከፍለው ከዚችው ላቫጆ ነው። ማሽኑ ከሠራ በአምስት ቤት ድስት ይጣዳል። ማሽኑ ከቆመ ግን ባለመኪና ቆሞ አይጠብቅም፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ ላቫጆ አለ።

በመጀመሪያው ዓመት ፓምፑ በየሁለት ወሩ ይበላሽ ነበር። ይፈቱታል፣ በባጃጅ ጭነው ወደ ጠጋኙ ይወስዱታል፣ "ጎማው አልቋል" ይባላሉ፣ ይቀየራል፣ ይመለሳል። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ነው። በተለይ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የክረምቱን ጭቃ የተሸከመ መኪና ሁሉ ተሰልፎ ሳለ ማሽኑ ጸጥ ያለ ቀን፣ የልጆቹን ፊት ማየት አቃተኝ።

ጠጋኙ ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁም የተባረከ ነው። ችግሩ እሱ ማሽኑን የሚያየው ከታመመ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ በሽተኛ በየሁለት ወሩ በአንድ ዓይነት ሕመም እየተመላለሰ ከተኛ፣ ነርስ "ምን መድኃኒት ታዘዘለት?" ብላ ብቻ አታልፍም። "ቤቱ ሲሄድ ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? ማን ያስታምመዋል?" ብላ ትጠይቃለች። እኔም ስለ ፓምፑ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መልሱን ቀስ ብዬ እንደደረስኩበት፣ ይህ ፓምፕ ሲታመም የከረመው በእርጅና ሳይሆን በውሃ ጥምና በቆሻሻ ውሃ ነበር።

ልብና ፓምፕ

በላቫጆ የሚሠራው ፓምፕ በአብዛኛው በውስጡ ሦስት ፒስተኖች አሉት። ሞተሩ ሲዞር ሦስቱ ተራ በተራ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይመላለሳሉ። ወደ ኋላ ሲሄዱ ውሃ ይስባሉ፤ ወደ ፊት ሲመጡ ይገፋሉ። ለእያንዳንዱ ፒስተን አንድ የመግቢያና አንድ የመውጫ ቫልቭ ስላለው በድምሩ ስድስት ቫልቮች ይሆናሉ። የሰው ልብ አራት አለው። በልብም ሆነ በፓምፕ የቫልቭ ሥራ አንድ ነው፤ የሄደው እንዳይመለስ በሩን መዝጋት።

ልዩነቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። የጤነኛ ሰው የደም ግፊት 120 በ80 ነው እንላለን። ያ ላይኛው ቁጥር በማሽን መለኪያ ሲመነዘር 0.16 ባር ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ደህና አድርጎ ሲመጣ 3 ወይም 4 ባር ቢሆን ነው። የቤት ማጠቢያ ማሽን ግን 100 ባር ገደማና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ የላቫጆዎቹ እስከ 150 እና 200 ባር ይደርሳሉ። 100 ባር ማለት የልባችንን ግፊት ከ600 ጊዜ በላይ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ስለ አንድ ልጅ ጣት ስነግራችሁ ይጠቅመናል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ፓምፑ በራሱ የሚያመጣው የውሃ ፍሰት ነው። ፍሰቱን ወደ ግፊት የምትቀይረው ጫፍ ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ፣ ኖዝል የምትባለው ናት። ደም ስር ሲጠብ የደም ግፊት እንደሚጨምረው ማለት ነው። ስለዚህ "ግፊት የለውም" ሲባል ጥፋተኛው ሁልጊዜ ፓምፑ አይደለም። ወይ የሚገባው ውሃ አንሷል፣ ወይ መውጫው ሰፍቷል፣ ወይ መሐል ላይ የሚያፈስ ነገር አለ።

ቁልፉ መጨረሻ ይምጣ

ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ቢላዋ አይነሳም። ይጠየቃል፣ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ይደመጣል። ቡሎን መፍታት የመጨረሻው ነው። አንዴ የተፈታ ፓምፕ እንደ ቀድሞው ለመግጠም ብልሃትም ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ ሲፈታ የተጎዳ ማሸጊያ ጎማም ሌላ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ለልጆቹ የጥያቄ ተራ አወጣሁላቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ "በቂ ውሃ ይደርሰዋል ወይ?" የሚል ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ወደ ማሽኑ የሚገባውን ቱቦ ነቅላችሁ ጀሪካኑን ሙሉበት። በማሽኑ ጎን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ተጽፏል። 15 ሊትር የሚል ከሆነ ጀሪካኑ ከ80 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መሙላት አለበት። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ የሚመጣው በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ነውና ፓምፑ ተጠምቷል። በጎደለው ውሃ ቦታ አየር ይስባል ወይም በውስጡ ባዶ አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይበላል፤ ድምፁም ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ማሸጊያ ጎማዎቹም የሚቀዘቅዙት በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ውሃ ሲጠፋ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላሉ። ታዲያ ጠጋኙ "ጎማው አልቋል" ሲል እውነቱን ነበር። ማን እንደጨረሰው የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ "ማጣሪያው ንጹሕ ነው ወይ?" ነው። ውሃው በሚገባበት በኩል ወንፊት የመሰለች ትንሽ ፊልትሮ አለች። አሸዋ፣ ዝገትና የሮቶ አረንጓዴ ዝቃጭ እዚያ ላይ ይከማቻል። ወጥታ በውሃ ስትታጠብ ብዙ "በሽታ" በዚያው ይድናል። የተቀደደች ከሆነ ግን ወዲያው ትቀየር፤ የተቀደደ ፊልትሮ ከመኖሩ አለመኖሩ አይሻልም፤ ሰዉ አለ ብሎ ይዘናጋበታል።

ሦስተኛው "አየር ይስባል ወይ?" የሚለው ነው። ቱቦውን የሚያስረው ፋሼታ ከላላ ውሃ ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ አየር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ውሃው እየተቆራረጠ ይወጣል፣ ቱቦውም ይንቀጠቀጣል። ፋሼታው ይጥበቅ፤ ከዚያ ማሽኑ ሳይነሳ ኖዝሏ ወልቃ፣ ቃታው ተስቦ ውሃው አረፋ ሳይኖረው ወጥ ሆኖ እስኪፈስ ይለቀቅ። እኛ መርፌ ከመውጋታችን በፊት አየሩን ከሲሪንጅ እንደምናስወጣው ማለት ነው።

አራተኛው ኖዝሏን ማየት ነው። ከተደፈነች በጌጁ ላይ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የሚወጣው ውሃ ግን ቀጭንና ጠማማ ይሆናል። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ተለቆ፣ ኖዝሏ ወልቃ በቀጭን ሽቦ ትጠረግና ከፊት ወደ ኋላ በውሃ ትታጠብ። ካረጀች ደግሞ ቀዳዳዋ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ግፊቱ ብቻ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ኖዝል ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ከርካሾቹ አንዷ ናት። እሷን ሳይቀይሩ ፓምፕ መፍታት ለራስ ምታት ሆድ እንደ መቅደድ ነው።

እነዚህ አራቱ ሳይጠየቁ ቁልፍ አይነሳም። ይህ የቤታችን ሕግ ሆኗል።

ምቱና ላቡ

አራቱ ተጠይቀው ችግሩ ካልተገኘ ጆሮ ይጠቀማል። ጤነኛ ፓምፕ ወጥ ድምፅ አለው፤ የውሃው ጉልበትም አይዋዥቅም። ከስድስቱ ቫልቮች በአንዱ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ቫልቩ አይዘጋም። ያን ጊዜ ከሦስቱ ፒስተኖች አንዱ የገፋውን ውሃ መልሶ ይስበዋል፤ በእጃችሁ የያዛችሁት ቱቦ እንደተዛባ የልብ ምት ዝም ድም፣ ዝም ድም ይላል። የጌጁ ቀስትም ይርገበገባል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ፓምፑን ሙሉ በሙሉ መፍታት አያስፈልገውም፤ የቫልቮቹን ክዳኖች ብቻ ከፍቶ አንድ በአንድ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ሞላው እንዳልተሰበረ፣ መቀመጫው እንዳልተቧጨረ ማየት ይበቃል። የመግቢያውና የመውጫው እንዳይቀላቀሉ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራቸው ይደርደሩ። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ መሣሪያ እንደምትደረድረው።

ከጆሮ ቀጥሎ ዓይን ነው። ፓምፑ ሥር የሚንጠባጠበው ምንድን ነው? ውሃ ከሆነ የፒስተኖቹ ማሸጊያ ጎማዎች እየደከሙ ነው። ዘይት ከሆነ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ነው የለቀቀው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የማይንጠባጠበው ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል። ይህን ዘይቱን በማየት ታውቁታላችሁ። በፓምፑ ጎን ክብ መስታወት አለች። ዘይቱ ጤነኛ ሲሆን እንደ ማር ይጠራል። ውሃ ሲገባበት ነጣ ብሎ ማኪያቶ ይመስላል። እንዲህ ያለ ዘይት ኩሺኔታውን አያለሰልስም፤ ያዝገዋል። ያን ቀን ሥራ ይቁም። "እስከ ማታ ልሥራና ነገ አሳየዋለሁ" የሚባልበት ምልክት አይደለም። ዘይቱን ብቻ ቀይሮ ማለፍም ትኩሳቱን አውርዶ በሽታውን መተው ነው፤ ውሃውን ያስገባው ጎማ አብሮ ይቀየር።

ደህናውስ ዘይት መቼ ይቀየራል? ለዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያው ዘይት ከ50 የሥራ ሰዓት በኋላ እንዲቀየር ያዝዛሉ። አዲስ ብረት እርስ በርሱ ሲላመድ የሚፋቀው ብናኝ በዚያ ጊዜ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እንደ ፓምፑ ዓይነት በየ200 ወይም በየ500 ሰዓቱ ነው፤ የእናንተን ከመመሪያው ተመልከቱ። በቀን 6 ሰዓት ለሚሠራ ላቫጆ 50 ሰዓት ማለት ከ9 ቀን አይበልጥም። የእኛዎቹ ግን በመጀመሪያው ዓመት ዘይት መቀየር የሚባል ነገር እንዳለም የነገራቸው አልነበረም።

አንድ ሌላ ልማድም አለ። ባለመኪናው ይመጣል፣ ወሬ ይጀመራል፣ ልጁ ቃታውን ለቅቆ ማሽኑን ሳያጠፋ ያወራል። ቃታው ሲለቀቅ ውሃው መውጫ ስለሌለው የግፊት መመለሻው ቫልቭ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በብዙ ማሽኖች ላይ ያው ውሃ እዚያው ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጎማዎቹን ያበስላቸዋል። ቃታው ሲለቀቅ ራሳቸው የሚጠፉ ማሽኖች አሉ። የእናንተ እንደዚያ ካልሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ ሥራ ፈትቶ አይዙር። ወሬው ይቀጥል፤ ማሽኑ ይጥፋ።

ሳሙናም አለ። ማሽኑ በሳሙና ከሠራ በኋላ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ፤ ሳሙናው ውስጥ ከደረቀ ቫልቭ ያጣብቃል። በረኪና ግን በፓምፑ ውስጥ ፈጽሞ አይለፍ። ጎማውንም ብረቱንም ይበላል።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ቃል። ሞተሩ እየጮኸ አልዞር ካለ ወዲያው አጥፉት፤ ቆሞ ሲጮኸ ሽቦው ይነድዳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኃይል ማነስ ወይም ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ነው። ሞተሩ ደህና እየዞረ ውሃው ሲጫን ብቻ የሚደክም ከሆነ ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ እንዳይሆን እዩ። ውሃና መብራት አንድ ላይ በሚውሉበት ቦታ የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት አይነካም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ማሽን ካለ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ዕድሜው የደቂቃ ነው።

ካርዱ ያወጣው ምስጢር

እኔ ከሙያዬ ለልጆቹ ያበረከትኩት አንድ ነገር ቢኖር ካርድ ነው። ካርቶን ቆርጬ፣ አስምሬ፣ በማሽኑ ራስጌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ ጌጁ ያነበበው፣ የዘይቱ መልክ፣ የሚንጠባጠብ ነገር፣ የዕለቱ ውሃ ከቧንቧ ነው ከሮቶ ነው ከቦቴ። ስድስት መስመር ብቻ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። "ሲስተር፣ ማሽኑን አስተኛሽው እንዴ?" አሉኝ። "አዎ፣ ተኝቷል፤ እናንተም አስታማሚ ናችሁ" አልኳቸው።

በሦስተኛው ወር ካርዱን አውርደን አብረን ተመለከትነው። ግፊቱ የወረደባቸው ወይም ድምፁ የተዛባባቸው ቀኖች በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። ሁሉም ማለት ይቻላል ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ በተመለሰ በማግሥቱ ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ውሃ ያውቀዋል። ከቀናት በኋላ ቧንቧው መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይተፋል። የቧንቧው ዝገትና ደለል ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ውሃ መጣ ሲባል እየተሯሯጡ ያንኑ ወደ ሮቶ ሞልተው፣ ወዲያው ማሽኑን ያስነሱ ነበር። ሮቶውም ሲገጠም መውጫው ከወለሉ እኩል ስለሆነ ያረፈውን አሸዋ ሁሉ ጠራርጎ ወደ ፓምፑ ይልከዋል። ውሃው ሊያልቅ ሲል ደግሞ አሸዋውና አየሩ አንድ ላይ ይገባሉ።

መድኃኒቱ ከአንድ ጥገና ዋጋ ያነሰ ወጪ ነበረው። አሁን ውሃ ሲመለስ እስኪጠራ ድረስ የሚመጣው ለአትክልትና ለግቢ ማጠቢያ ይውላል። የሮቶው መውጫ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። ከፓምፑ በፊት ሌላ ትልቅ ፊልትሮ ተጨምሯል። ሮቶው ከሩቡ በታች ሲሆን ማሽኑ ይጠፋል፤ ክርክር የለም። የሮቶው ወለል በወር አንዴ ይታጠባል። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ጎማ የተቀየረው አንዴ ብቻ ነው። እሱም በድንገት አይደለም። ካርዱ ላይ "ጠብታ" የሚለው ቃል እየበዛ ሲሄድ አይተን፣ ገበያ የሌለበትን ሰኞ መርጠን ያስቀየርነው ነው። ጠጋኙ ራሱ ካርዱን አንብቦ "ሁሉም እንዲህ ይዘው ቢመጡልኝ ሥራዬ ግማሽ በሆነ" አለ።

ውሃው ድንጋይ የሚተው በሆነባቸው ከተሞች፣ እንደ ድሬዳዋ ባሉት ማለቴ ነው፣ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት በቫልቭና በኖዝልም ላይ ይጋገራል። እዚያ ያላችሁ በካርዳችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ኖዝሏንና ፊልትሮዋን በየጊዜው በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማጠብ ይረዳል።

የመርፌ ቀዳዳ የምታህል

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ጣት ነው።

ባለፈው ጥር፣ የሠርግ ሰሞን፣ መኪና እንደ ጉንዳን በተሰለፈበት ቀን ከትልቁ ቱቦ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይወጣ ጀመር። ከአምስቱ ትንሹ ቀዳዳው የት እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቱቦውን በግራ እጁ ጣት ዳሰሰው። "ንብ የነደፈኝ መሰለኝ" ብሎ እጁን አራገፈ። በሌባ ጣቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ አለች። ደም እንኳ እምብዛም አልወጣትም። ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ወደ ሥራው ሊመለስ ነበር።

እኔ ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት። "ማሽኑ እየሠራ ነበር? ውስጡስ ሳሙና ነበረበት?" ለሁለቱም "አዎ" ሲለኝ ነጠላዬን ብቻ አንስቼ ወደ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ።

ያን የ600 እጥፍ ቁጥር አሁን አስታውሱልኝ። የሰውን ቆዳ ለመብሳት ወደ 7 ባር ገደማ ግፊት ይበቃል። ከ100 ባር በላይ የሚወጣ ውሃ ጣት ላይ ሲያርፍ በነጥብ ገብቶ በጅማቱ ሽፋን ተከትሎ እስከ መዳፍ ሊሄድ ይችላል። ከላይ የምታዩት ነጥብ ነው፤ ከታች ያለው የተቀደደ ሥጋ፣ የታፈነ ደም ስር፣ ሳሙናና ጀርም ነው። እብጠቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ወረፋችን ሲደርስ የልጁ ጣት እንደ ሙዝ ወፍሮ ነበር። ሐኪሙ የዚያኑ ዕለት ቀዶ አጠበው። ልጁ ሁለት ወር ከሥራ ቀረ፤ ጓደኞቹ ድርሻውን አላቋረጡበትም። ዛሬ ጣቱ ይታጠፋል፤ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ንጹሕ ውሃ ሲሆን ጉዳቱ ቀለል ሊል ይችላል። ናፍጣ፣ ዘይት፣ የቀለም ማቅጠኛ ሲሆን ግን ጣቱ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በሰዓታት ውስጥ መታከምና በማግሥቱ መታከም እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ላቫጆ የምትሠሩ ልጆች፣ ልጆቻችሁ ላቫጆ የሚሠሩ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ያዙልኝ። ቱቦ ሲያፈስ በእጅ አይዳሰስ። ማሽኑ ይጥፋ፣ ቃታው ተስቦ ግፊቱ ይለቀቅ፣ ከዚያ ቱቦው በዓይን ይመርመር። እየሠራ ማየት ግድ ከሆነ ራቅ ብሎ ካርቶን ይጠጋበት፤ ካርቶኑ ይበሳ እንጂ እጅ አይበሳ። የተቀደደ ቱቦ በፕላስተርና በሽቦ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ማታ ላይ ጭቃ የያዘ እግርን ወይም ቦት ጫማን በሽጉጡ ማጠብ በየላቫጆው የማየው ልማድ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ሽጉጡ ለጨዋታም ቢሆን ወደ ሰው አይዞር።

አደጋው ከደረሰ ደግሞ አትጭመቁት፣ በገመድ አትሰሩት፣ "ትንሽ ናት" ብላችሁ ፋሻ ጠቅልላችሁ አትደሩ። ቀለበት ካለ ወዲያው ይውለቅ፣ እጁ ከፍ ብሎ ይያዝ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም መጠጥም አይሰጠው። ሆስፒታል ስትደርሱ "ጣቱን ተወጋ" ብቻ አትበሉ፤ "በከፍተኛ ግፊት ማሽን ነው የተወጋው፣ ውስጡም ይህ ነበረበት" በሉ። የቴታነስ ክትባቱንም አስታውሱ። ተረኛው ባለሙያ የሚያየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ታሪኩን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

በላቫጆው ካርድ ላይ ከጥር ወዲህ ሰባተኛ መስመር ተጨምሯል። "ቱቦ" ይላል። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ ምልክት የሚያደርገው ያው ትንሹ ልጅ ነው። ማንም አላዘዘውም። ማታ ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል፣ ውሃው ይዘጋል፣ ቃታው ይሳብና የቀረው ግፊት ይወጣል፣ ከዚያ ብቻ ቱቦው ይፈታል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ማሽናችሁን ውሃ አታስጠሙት፣ ዘይቱን እዩለት፣ ድምፁን ስሙት። እጃችሁን ግን ከእሱ አስበልጣችሁ ጠብቁ፤ ፓምፕ መለዋወጫ አለው።